ከመዳን ወዲያ፦ የበርሚንግሃም ማስታወሻ

ከአትላንታ ተነሥቶ በ20 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው የአላባማ ድንበር አንድ ሰዓት ይመርቅለታል። ጆርጂያ ላይ ሦስት ሰዓት የነበረው አላባማ ላይ ሁለት ሰዓት ይሆናል። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ፣ ከጥዱ ሥር ደግሞ ቀይ አፈር። ያ ቀይ አፈር ገና ከመንገድ ልቤን ወሰደው። በርሚንግሃምም የተቆረቆረችው የአካባቢዋ ተራራ በብረት ማዕድን ስለቀላ ነው። በ1871 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሰዎች እዚህ የሰፈሩት የብረት ማዕድኑ፣ የድንጋይ ከሰሉና የኖራ ድንጋዩ ሦስቱም በአንድ አካባቢ ስለተገኙላቸው ነበር። ብረት ለሚያቀልጥ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሻል?

ቀይ ተራራ የሚባለው ኮረብታ አናት ላይ የቩልካን ሐውልት ቆሟል። የጥንት ሮማውያን የእሳትና የብረት አምላክ ነው። ቁመቱ 17 ሜትር ሲሆን ከቀለጠ ብረት ከተሠሩ ሐውልቶች በዓለም ትልቁ ነው። ጣሊያናዊው ቀራፂ ጁሴፔ ሞሬቲ ለ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሠራው። ሐውልቱ ከትርኢቱ ሲመለስ ግን በከተማዋ የባዛር ሜዳ ሲተክሉት ቀኝ ክንዱን በተሳሳተ አቅጣጫ ገጠሙበት፤ እንዲይዘው የታሰበለትን ጦር መያዝ የማይችል እጅ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የአይስክሬምና የሌላም ሸቀጥ ማስታወቂያ ያሲዙት ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ ኮረብታ ወጥቶ ክንዱ በትክክል ሲገጠም ነው የሠሪው ሐሳብ የታየው። ከሥሩ ቆሜ ያን ወደ ሰማይ የተዘረጋ ክንድ ለረጅም ጊዜ አየሁ፤ እኔንም ወደዚህች ከተማ ያመጣኝ የእጅ ነገር ነበርና።

ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሲታይ ከተማዋ ምን እንደነበረችና ምን እንደሆነች በአንድ እይታ ይነበባል። በአንድ በኩል የስሎስ ብረት ማቅለጫ ዝገት ያለበሳቸው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች አሉ። ከ1882 እስከ 1971 ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በሌላ በኩል ብሎክ ከብሎክ ተያይዞ የሚሄደው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የበርሚንግሃም ቅጥር ግቢና ሆስፒታሉ ነው። ዛሬ በአላባማ ግዛት ከዚህ ተቋም የበለጠ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ የለም። ያስተናገደችኝ እህታችን እዚህ ከተማ ነርስ ናት፤ ጣቷን ወደ ሕንፃዎቹ ዘርግታ «እዚያ ነው፣ ወንድሜ፤ አንተ ያነበብከው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የተሠራው» አለችኝ።

ያነበብኩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስትሮክ የመታው ሰው እጁን እንዴት እንደሚያስመልስ፣ ሌላው ካንሰርን ያሸነፈ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖር። ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ ለዚያውም በዚህች ከተማ መገናኘታቸው ነው መኪና ያስነሳኝ።

በመጀመሪያ ስለ ምድሪቱ። ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ «የስትሮክ ቀበቶ» ይባላል። ከሰሜን ካሮላይና እስከ አርካንሳስና ሉዊዚያና ባሉት ግዛቶች በስትሮክ የሚሞተው ሰው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይበዛል፤ አላባማ መሐሉ ላይ ናት። ለምን? ይህን ለመመርመር ከበርሚንግሃም የተነሣው ሪጋርድስ የተባለው ጥናት ከ2003 እስከ 2007 ድረስ 30,239 ሰዎችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። በስልክ ይጠይቃሉ፣ ቤት ድረስ ሄደው ደም ግፊት ይለካሉ፣ ደም ይወስዳሉ፣ ከዚያም ዓመት ከዓመት ያንኑ ሰው «እንዴት ከረሙ?» እያሉ ይደውላሉ። ከተመዘገቡት ውስጥ ከአምስት ሁለት ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ቁጥሩን ሳነብ ቆም አልኩ። የአገሪቱ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ገበሬዎች ሳያክም የበሽታቸውን አካሄድ ሲመለከት የኖረባት ተስኪጊ እዚሁ አላባማ ውስጥ ናት። በ1963 በእሑድ ጧት ቦምብ ፈንድቶ አራት ልጃገረዶች ያለቁበት የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ከሆስፒታሉ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ ለተመራማሪ ደጁን ከፍቶ ክንዱን ለመርፌ መስጠቱ ትልቅነት ነው። ሳይንሱ የቆመው በዚህ ትልቅነት ላይ መሆኑን ማንም እንዳይረሳው እፈልጋለሁ።

ወደ እጁ ልመለስ።

ኤድዋርድ ታውብ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። ወጣት ሳሉ ያጠኑት ጦጣዎችን ነበር። የጦጣው ክንድ ስሜቱን ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚያደርስበት ነርቭ ሲቆረጥ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ጦጣው ክንዱን ትቶት ይኖራል። ከ1895 ጀምሮ ይታመን የነበረው ይህ ነው፦ ስሜት ከሌለ እንቅስቃሴ የለም። ታውብ ግን ደህነኛውን ክንድ አሰሩበት። ጦጣው ምግቡን ማንሣት ነበረበትና የደነዘዘውን ክንድ አንቀሳቀሰው። ለጥቂት ቀናት ታስሮ ከቆየ ደግሞ ማሰሪያው ከተፈታ በኋላም መጠቀሙን ቀጠለ። እንግዲያው ክንዱ ይችል ነበር ማለት ነው።

ታውብ ከዚህ የደረሱበት ሐሳብ የሚደንቅ ነው። ጉዳቱ እንደደረሰ የነርቭ ሥርዓቱ ለጊዜው ድንጋጤ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ እጅ በእርግጥ አይታዘዝም። ሰውየው ይሞክራል፣ ብርጭቆው ይወድቃል፤ እንደገና ይሞክራል፣ ሾርባው ይደፋል። ደህነኛው እጅ ግን ሥራውን ይሠራል። አንጎል ከዚህ አንድ ትምህርት ይወስዳል፦ «በዚያኛው እጅ አትሞክር።» ድንጋጤው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ሲለቅ እጁ ከፊል አቅሙን አግኝቶ ይጠብቃል፤ ግን የሚጠራው የለም። ስለዚህ ከሽባነቱ ውስጥ አንዱ ክፍል ቁስል ነው፣ ሌላው ክፍል ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይለወጣል።

የታውብ መንገድ ቀና አልነበረም፤ ይህንንም ሳልነግራችሁ ባልፍ አግባብ አይደለም። በ1981 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለው ቤተ ሙከራቸው በፖሊስ ተበረበረ። 17 ጦጣዎች የተያዙበት ሁኔታ ክስ አስነሣ። በመጀመሪያው ችሎት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ1983 ግን የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የግዛቱ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ምርምርን አይመለከትም ሲል ፍርዱን ሻረው። ነገሩ ለአገሪቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ መሻሻል አንዱ ምክንያት ሆኗል፤ መሻሻሉም ተገቢ ነበር። የእነዚያ ፍጥረታት ሥቃይ እውነት ነው፤ ከዚያ የተገኘው እውቀትም እውነት ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አይገባኝም። የምርምር ገንዘባቸው የተቋረጠባቸው ታውብ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ በርሚንግሃም መጡ፤ ከጦጣው የተማሩትን ለሰው ማዋል የቻሉትም እዚህ ነው።

ሕክምናው ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ከባድ ነው። ደህነኛው እጅ ወፍራም ጓንት ይጠለቅበታል፤ በሽተኛው ከነቃበት ሰዓት 90 በመቶውን ጓንቱን አያወልቅም። ለሁለት ሳምንት በየሥራ ቀኑ ለሰዓታት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በደካማው እጅ ብቻ ይለማመዳል። ሥራው በጣም በትንሹ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ሰዓት ይያዝለታል፤ ከትናንቱ በአንድ ሰከንድ ከፈጠነ ይመሰገናል እንጂ ስለወደቀበት ነገር አይወቀስም። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የማረከኝ ከክሊኒኩ ውጭ ያለው ክፍል ነው። በሽተኛው ቤቱ ውስጥ ምን ምን በዚያ እጅ እንደሚሠራ ውል ይፈርማል። በየቀኑ 30 ያህል የቤት ሥራዎች የተዘረዘሩበት መጠይቅ ይቀርብለታል፦ መብራት አበራህ? መሳቢያ ከፈትክ? ሲኒውን በጆሮው አነሣህ? ቁልፍ አዞርክ? ሸሚዝህን ቆለፍክ? የታውብ ቡድን ራሱ እንዳሳየው ይህ የቤት ክፍል ከሌለ በክሊኒክ የተገኘው ለውጥ ወደ ኑሮ የሚዘልቀው በጣም በትንሹ ነው።

ያን ዝርዝር ሳነብ እዚያው ተቀምጬ የእኛን ዝርዝር በልቤ ጻፍኩ። እንጀራ መቁረስ፣ ወጡን ጠቅልሎ ሳያንጠባጥቡ ወደ አፍ ማድረስ። ማጉረስ። ለታላቅ ሁለት እጅን ዘርግቶ መጨበጥ። ነጠላ ማጣፋት። ማማተብ። የጀበናውን አንገት ይዞ ሲኒ ላይ ሳያፈሱ መቅዳት። በእኛ ማዕድ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ከምግቡ ጋር ወጉንም ያጣል፤ በግራው መብላት ስለሚያሳፍረው ቀስ በቀስ ከገበታ ይሸሻል፣ ለብቻው ይቀርብለታል። ቤተሰብም ከፍቅር የተነሣ ያጎርሰዋል፣ ያለብሰዋል፣ ይቆልፍለታል። ታውብ እንዳሉት ከሆነ ግን እያንዳንዱ የፍቅር አገልግሎት እጁን «አትምጣ» የሚል መልእክት ነው። ይህን ሐሳብ ለመቀበል ጊዜ ፈጀብኝ፤ የማስታመም ባህላችን የምኮራበት ነገር ነውና። ዛሬም እኮራበታለሁ። ግን ማስታመም የሚያውቅ ቤተሰብ ማሠራትም ቢማር፣ በዚህ ብርታት ከእኛ የሚቀድም ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

በ1993 ታውብና ባልደረቦቻቸው ስትሮክ ከመታቸው ከአንድ ዓመት በላይ በሆናቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በዚያ ዘመን «ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሚመጣ ለውጥ የለም» ይባል ስለነበር ብዙ ሐኪም አላመነም። ማመን የጀመሩት ኤክሳይት የሚባለው ሰፊ ሙከራ በ2006 ሲወጣ ነው፦ 222 ሰዎች፣ ሰባት የትምህርት ተቋማት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው። በዚህ መንገድ የታከሙት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ ከዓመት በኋላም ለውጡ አብሯቸው ነበር። ሙከራውን የመሩት ስቲቨን ዎልፍ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው፤ ኤሞሪ ደግሞ እኔ የተነሣሁባት አትላንታ ውስጥ ነው። በ2008 ደግሞ የበርሚንግሃሞቹ የበሽተኞቹን አንጎል በኤምአርአይ አይተው የአንጎሉ ግራጫ ክፍል መጠን መጨመሩን አሳዩ። ሁለት ሳምንት ቁልፍ በማዞርና ሲኒ በማንሣት የአንጎል አካል ይለወጣል! ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም። አንጓውንና ጣቶቹን በጥቂቱም ቢሆን ማቅናት ለሚችል ሰው ነው የተሻለ የሚሠራው። ደግሞም የሚንገዳገድ ሰው ደህነኛ እጁ ታስሮበት ቢወድቅ ራሱን መያዝ አይችልምና በቤት ውስጥ በገዛ ፈቃድ እጅ ማሰር አደገኛ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ያስፈልጋል።

በማግሥቱ አስተናጋጄ ወደ ጎረቤቷ ወሰደችኝ። እማማ ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። የጡት ካንሰር ነበረባቸው፤ ታክመው ድነዋል። ከቤታቸው ኋላ ከፍ ብሎ በእንጨት የተከበበ መደብ አለ፤ በላዩ ጎመን። የእኛው ጎመን ነው ማለት ይቻላል፤ የደቡብ ሰው ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቅለዋል እንጂ ቅጠሉን ያየ ጉራጌ ወዲያው ክትፎ ይጠይቃል። እማማ ቅጠል እየቀነጠሱ ሲያወሩኝ ጣቶቻቸው ለአፍታም አላረፉም። ኬሞው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ከኬሞው ይልቅ እንደከበዳቸው ነገሩኝ፤ ሐኪሙ «ጨርሰናል» ብሎ ሲያሰናብት፣ ጠያቂው ሲቀንስ፣ ድካሙ ግን ሳይሄድ ሲቀር። «ጧት የምነሣበት ምክንያት ይኸ መደብ ነበር» አሉኝ።

የዚህ ዓይነቱ መደብ እዚህ ከተማ ውስጥ የምርምር ርእስ ነው። ፕሮፌሰር ዌንዲ ዴማርክ-ዋነፍሪድ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ናቸው። በዕድሜ የገፉ ካንሰርን ያሸነፉ ሰዎችን የአላባማ የእርሻ ኤክስቴንሽን ካሠለጠናቸው በጎ ፈቃደኛ አትክልተኞች ጋር ያገናኛሉ። አትክልተኛው ለአንድ ዓመት ያህል ያማክራል፤ በሦስት ወቅት ሦስት ጊዜ ይዘራል። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ሰዎቹ የሚበሉትን አትክልት፣ የአካላቸውን ብርታትና ጤናቸውን ይለካሉ። እኚሁ ሴት ቀደም ሲል በ2009 በወጣ ሙከራ ከባልደረቦቻቸው ጋር 641 ዕድሜያቸው የገፋ የቀድሞ ካንሰር ሕሙማንን በስልክና በፖስታ ብቻ በማማከር የአካላቸው አቅም የሚያሽቆለቁልበትን ፍጥነት መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል። በስልክና በፖስታ! ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። ይህ ለእኛ አገር የተላከ ዜና ሆኖ ነው የተሰማኝ።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ስሚታ ባቲያ አሉ፤ ሕንድ ተምረው የመጡ የልጆች ካንሰር ሐኪም። ካንሰርን ያሸነፉ ሰዎችን ሕይወት የሚያጠና ተቋም በ2015 እዚህ አቋቁመዋል። ሥራቸው ደስታን ከሥጋት ጋር የሚያስተሳስር ነው። በአሜሪካ ዛሬ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች 85 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ግን ያዳናቸው መድኃኒትና ጨረር ሒሳቡን ከዓመታት በኋላ ይጠይቃል። ባቲያ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ሆጅኪን የተባለው የሊምፍ ካንሰር በልጅነታቸው የያዛቸውን 1,380 ሰዎች ተከትለው፣ ደረታቸው ላይ ጨረር የተሰጣቸው ሴቶች ገና በወጣትነታቸው ለጡት ካንሰር እንደሚጋለጡ አሳይተዋል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሴቶች ከእኩዮቻቸው ቀድመው መመርመር አለባቸው የሚባለው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው።

ሌላውን ጥናታቸውን ደግሞ እናቶች ሁሉ ቢሰሙት እወዳለሁ። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሜርካፕቶፑሪን የሚባል እንክብል ቤቱ ሆኖ በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ይወስዳል። ባቲያ በመድኃኒቱ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክስ አስገቡ። በ2012 ያወጡት ውጤት፦ ከታዘዘለት 95 በመቶ በታች የወሰደ ልጅ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከ20 እንክብል አንዷ ብቻ ናት ማለት እኮ ነው መስመሩ! ልጁ ደህና መስሎ ሲሮጥና ሲጫወት መድኃኒቱን መዝለል እንዴት እንደሚቀል ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ ያገኘሁት የልጅነት ካንሰርን ያሸነፉ ሰዎችን በመላው ሰሜን አሜሪካ በሚከታተለው ትልቅ ጥናት ውስጥ ነው። በ2006 በወጣው ዘገባ የደም ካንሰር ይዟቸው የነበሩት ከእኅት ወንድሞቻቸው ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል፣ የአንጎል ዕጢ የነበረባቸው ደግሞ 29 እጥፍ ለስትሮክ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። የጭንቅላት ጨረሩ መጠን ሲበዛ አደጋውም ይበዛል። ካንሰሩን በሰባት ዓመቱ ያሸነፈ ልጅ በ30 ዓመቱ እጁን ሊያጣ ይችላል። ይህን ከማወቄ በፊት የታውብ ጓንትና የባቲያ መዝገብ በአንድ ከተማ የተገናኙ ሁለት እንግዶች ይመስሉኝ ነበር። አሁን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሁለት ምዕራፍ ሆነው ይታዩኛል። ይህን ሁሉ ቀድሞ ያየ ሰው ፊትዝሂዩ ሙላን ነው። ራሱ ሐኪም ሆኖ ካንሰር የያዘው ሙላን በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ከካንሰር በኋላ ያለው ኑሮ የራሱ ወቅቶች እንዳሉትና ሕክምና እስከዚያ ድረስ መከተል እንዳለበት ለባልደረቦቹ ነገራቸው።

ከአላባማ ስመለስ ሐሳቤ ያለው አዲስ አበባ ነበር። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ኖሯል፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሕመምተኛ እዚያ ወረፋ ጠብቋል። በዚያ ያለፉ ልጆች ዛሬ አድገዋል፤ አንዳንዶቹ ወልደዋል። የደም ግፊቱን ሳያውቀው ስትሮክ የሚጥለው የእኛ ሰውም ብዙ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን እያስተማረ ያስመርቃል፤ ሙያው አለ። የጎደለው በሽተኛውም ቤተሰቡም ሆስፒታሉም ከመዳን ወዲያ ያለውን ሥራ እንደ ሕክምና አለመቁጠራቸው ነው።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁለት ልመና አለኝ። ስትሮክ የመታው ወገን ያላችሁ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ፊዚዮቴራፒስት እንዲያየው ጠይቁ፤ ያ እጅ ትንሽም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚችለውን ራሱ እንዲሠራ ተዉለት፣ አጠገቡም ሁኑ። በካንሰር የታከመ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ምን መድኃኒት፣ ስንት ጊዜ፣ ጨረሩ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ፣ በምን መጠን እንደተሰጠው ሐኪሙን ጠይቃችሁ በወረቀት አስጽፉ። ወረቀቱን ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር አኑሩት፤ ልጁ ሲያድግ በእጁ ስጡት።